የነብሮ ጥርስ

በዚህ ሳምንት ጎተራ ከምንኖርበት ኮንዶሚኒየም ሥር ጥበቃዎቹ አንድ ቡችላ አምጥተው አስረዋል። ከዩኒቨርሲቲ ለእረፍት መጥቼ ደረጃውን ስወርድ፣ አንዱ ጆሮው ቀጥ ብሎ ሌላው ዓይኑ ላይ ተደፍቶ አየሁትና ቆምኩ። ጥበቃው ያዘንኩለት መስሎት ነው መሰል፣ «አይዞሽ እህቴ፣ አልታመመም። ጥርስ እየቀየረ ነው፤ ሲጨርስ ጆሮው ይቆምለታል» አለኝና ወደ ሻዩ ተመለሰ። እኔ ግን ወደምሄድበት አልሄድኩም። ሦስተኛ ፎቅ ድረስ ተመልሼ ወጣሁና ከአልጋዬ ሥር ካለው ካርቶን ውስጥ አንድ የድሮ የክብሪት ቀፎ ፈልጌ አወጣሁ። ስነቀንቀው ውስጡ ያሉት ሦስት ጥርሶች ተንኳኩ።

ካዛንቺስ ሳለን፣ ሰባት ዓመቴ ነበር። ግቢያችን አምስት ቤተሰብ የሚጋራው፣ ክረምት ሲገባ ጭቃው ላይ ድንጋይ እየደረደርን የምንሻገረው፣ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲመታው ሬዲዮ የማያሰማ ግቢ ነበር። አባቴ ላዳ ታክሲ ይነዳ ነበር። በር ላይ ካቆመው መኪና ባትሪው ሁለት ጊዜ ሲሰረቅበት፣ «የጀርመን ዘር ነው» የተባለ ቡችላ በጃኬቱ ውስጥ ይዞ መጣ፤ ገና ወተት ላልጠገበ ፍጥረትም ነብሮ የሚል ስም አወጣለት። ነብሮ እርጥብ ጆንያ ይሸት ነበር። ትንሽ ቆይቶ ጆሮዎቹ ቀጥ ብለው ሲቆሙ፣ አባቴ ሰው በመጣ ቁጥር እንደ መንጃ ፈቃድ ያሳያቸው ጀመር።

ክረምቱ መሃል ላይ ሁለቱም ጆሮዎች ተራ በተራ ወደቁ። የግቢው ሰው መሳቂያ አገኘ፤ ፊት ለፊታችን የምትኖረው ጎረቤት «ኧረ ይሄ ውሻ ነው በግ? ለእንቁጣጣሽ ይደርስልናል በሉኛ!» ስትል አባቴም አብሮ ሳቀ፣ ግን ሳቁ ከጥርሱ አላለፈም። ጆሮዎቹን በካርቶን ደግፎ በፕላስተር አሰረለት፤ ነብሮ በማግስቱ ካርቶኑንም ፕላስተሩንም አኝኮ ጣላቸው። «ዛሬ ጆሮው ወደቀ፣ ነገ ደግሞ ጥርሱ ይረግፋል። በቃ፣ እስከ እንቁጣጣሽ ካልተስተካከለ ለሰው ነው የምሰጠው» አለ አባቴ።

ስለ ጥርሱ ያለው ቀልድ ነበር። ከጥቂት ቀናት በኋላ ግን ነብሮ ሲያኝከው የነበረው ጫማዬ ውስጥ፣ ደም የነካት የሩዝ ፍሬ የምታህል ጥርስ አገኘሁ። የእኔም የፊት ጥርሶች በዚያው ክረምት ነበር የወለቁት፤ እያንዳንዱን ጣሪያ ላይ ወርውሬ፣ አዲስ እንዲበቅልልኝ ለምኜ፣ ቆርቆሮው ላይ ሲንከባለል ጆሮዬን ሰጥቼ አዳምጫለሁ። ውሻም እንደ ሰው ጥርስ እንደሚቀይር ግን ማንም አልነገረኝም። የእሱን ብወረውር አባቴ ድምፁን ይሰማል ብዬ በክብሪት ቀፎ ውስጥ ደበቅኳት። ሁለተኛዋንም፣ ሦስተኛዋንም።

እንቁጣጣሽ ሦስት ቀን ሲቀረው አባቴ ጋሽ ታደሰን ጠራቸው። ጋሽ ታደሰ ከቤታችን ጀርባ የሚኖሩ፣ ለገሃር መጋዘን ሲጠብቁ ከውሾች ጋር ያረጁ ሰው ነበሩ። ዓይናቸውን ሞራ ስለጋረደው ነብሮን የሚያዩት በእጃቸው ነበር፤ ጆሮውን ከሥሩ ይዘው ጫን ጫን አደረጉት፣ አፉን ሊከፍቱ ሲሉ ግን ድዱን አሞት ጮኸባቸውና ተዉት። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ።

«አብረሽው የምትውይው አንቺ ነሽ። ጥርስ መጣል ጀምሯል እንዴ፣ የኔ ልጅ?»

አባቴ አየኝ። ክብሪቷ ኪሴ ውስጥ ነበረች።

«ኧረ አንድም አልጣለም!» አልኩ።

ጋሽ ታደሰ የነብሮን ጆሮ ለቀቁት። «እንግዲያው እንዲሁ ሆኖ መቅረቱ ነው» አሉ በመጨረሻ። እኔ ግን ጥርሶቹን ደብቄ ነብሮን ያዳንኩት መስሎኝ ልቤ ሞቆ ነበር። በበዓሉ ዋዜማ አባቴ መስቀል ፍላወር ለሚኖር አንድ ብረት ነጋዴ ሰጠው፤ ላዳው ከግቢው ሲወጣ የኋላ መስኮቱ ላይ የሚታዩት የወደቁት ጆሮዎቹ ብቻ ነበሩ።

ኅዳር ላይ አባቴ አንድ ማታ እራቱ ቀርቦለት ሳይነካው ተቀመጠ። ተሳፋሪ ሊያደርስ ሲሄድ ነብሮን በነጋዴው በር ላይ አይቶት ነበር። «ቆመዋል» አላት እናቴን፣ «ሁለቱም። እንደ ቀንድ ቆመዋል። ምን አለበት ትንሽ ብታገሠው?» የሰጡትን መልሶ መጠየቅ ነውር ነበርና አልጠየቀም። ከዚያ ወዲያ ውሻ አላሳደገም፤ «እኔ ከውሻ እድል የለኝም» ማለት ግን ልማዱ ሆነ፤ እኔም ይህን ሁሉ ዓመት አብሬው አመንኩ።

አሁን ግቢያችን ፈርሷል። ጋሽ ታደሰ ሰፈሩ ሲበተን ወዴት እንደሄዱ የሚያውቅ አላገኘንም። ላዳው ተሸጦ፣ አባቴ በረንዳው ላይ ተቀምጦ የሰው መኪና ሲያልፍ ያያል። ጥፋቱ የእሱ እንዳልነበረ ልነግረው ቆርጬ ክብሪቷን ይዤ ሄድኩ። መነጽሩን ሳያደርግ ከፈታትና አንዷን ጥርስ መዳፉ ላይ አስቀምጦ ቆየ። ፊቱ ድንገት በራ።

«ያንቺ ናቸው እንዴ?»

አፌን ከፈትኩ። እንደዚያ ፈገግ ሲል ካየሁት ስንት ጊዜዬ!

«አዎ፣ አባዬ።»

«ታዲያ ምነው ያኔ ጣሪያ ላይ ሳትወረውሪያቸው?» አለና ዘግቶ መለሰልኝ።

አሁን ደግሞ ልወርውራቸው ብል የት? ከራሳችን በላይ ያለው የሌላ ሰው ወለል ነው።