ለጦር ፕላኔቷ የተጾመው ጾም

ሶዶ ተመድቤ ከመጣሁ ሁለት ዓመት ሆነኝ። አከራዬ እማማ አስቴር፣ ዕድሜ ይስጣቸውና፣ አንድ ቀን በረንዳ ላይ ስልኬ ላይ እንዳፈጠጥኩ አገኙኝ። «ምነው፣ ፊትህ ጠቆረብኝ?» አሉ።

ደብረ ብርሃን ያለችው እናቴ ዕጢ ሊወጣላት ቀጠሮ ይዛ ነበር። ይህን ለሰው ማውራት ስላቃተኝ የማነበውን በሥዕል የሚተረክ ኮሚክ አሳየኋቸው። «ለጦር መሣሪያነት የተሠራች ፕላኔት ናት። ሁለመናዋ መድፍ ነው፤ ምድርን ልታጠፋ እየመጣች ነው» አልኳቸው።

«ጌታ ይገሥጻት!» ብለው ገቡ።

ሐሙስ ዕለት የጸሎት ቡድናቸው ግቢያችን ተሰበሰበና መሐል አስቀመጡኝ። ስድስት እናቶች እጃቸውን ጭነውብኝ በወላይትኛ እየጮኹ ሲጸልዩ ላብ አጠመቀኝ። «ልብ ወለድ እኮ ነው» ለማለት አፌ አልታዘዝ አለኝ። ይባስ ብለው ሦስት ቀን ጾሙ። ለኮሚክ!

እሑድ ጠዋት ወንድሜ ደውሎ ቀዶ ጥገናው በሰላም እንዳለቀ ነገረኝ። ደስታው ድፍረት ሰጠኝና እማማ አስቴር ዘንድ ሄድኩ።

«ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ ያቺ ፕላኔት እውነት አይደለችም።»

«እሱንማ ትልቋ ልጄ ያን ዕለት ነግራኛለች» አሉ እየሳቁ። «ግድግዳችን አንድ ነው፤ ስለ እናትህ ከወንድምህ ጋር ስታወራ ይሰማኛል። አንተ ስለደበቅከን እኛም በፕላኔቷ አሳብበን ጸለይን።»

ከዚያ ጠጋ ብለው ጠየቁኝ፦

«እናትህ እህል ቀመሰች?»