ፈክረዲንና የቢጫዋ መኪና ሻንሲ

ሰው ቀለም ያምናል። የሚያቅለሸልሸኝ ይሄ ነው። እኔ ሌሊሳ እባላለሁ፤ አሜሪካ፣ ዳላስ አጠገብ ጋርላንድ ውስጥ አንድ ጋራዥ መኪና እቀባለሁ፤ ከጀመርኩ ዘጠኝ ዓመቴ ነው። በዚህ ሁሉ ዓመት ከቀለሙ ሥር ምን እንዳለ የጠየቀኝ ደንበኛ የለም። ያብረቀርቃል ወይ? ያብረቀርቃል። በቃ፣ ወሰዱት።

የተነሳሁት ግን ስለ ፈክረዲን ለማውራት ነው። ደሴ ተወልዶ፣ አዲስ አበባ ሶማሌ ተራ ላሜራ ሲቀጠቅጥ ያደገ፣ ሃምሳ ሁለት ዓመት የሞላው፣ አጭር፣ ነገረኛ ሰው ነው። ጋራዣችን ውስጥ የተጣመመ ሻንሲ፣ የመኪናውን አጥንት፣ የሚያቃናው እሱ ብቻ ነው። ነገረኛ ያልኩት በምክንያት ነው። ለብረት ሌላ ሞረድ፣ ለአልሙኒየም ሌላ ሞረድ አለው፤ የአልሙኒየሙን በንጹህ ጨርቅ ጠቅልሎ ይቆልፍበታል። አንድ ቀን ሳላስፈቅድ አንስቼ የዛገ ብረት ስሞርድበት አገኘኝና ከእጄ ነጥቆ ቆሻሻ ውስጥ ወረወረው።

«አሁን የብረት ብናኝ ይዟል። አልሙኒየም ላይ ሲያርፍ ውስጥ ውስጡን ይበላዋል» አለኝ። ሦስት ቀን አላናገረኝም።

ስፖርት መኪና ሲመጣ ግን ሌላ ሰው ይሆናል። ሻንሲውን በእጁ እየዳሰሰ ያስተምረኛል። ብረት ከባድ ነው፣ ግን ታጋሽ ነው፤ ቢጣመም ተስቦ ይመለሳል፣ ቢበየድ ይይዛል። አልሙኒየም ክብደቱ የብረት ሲሶ ነው፤ ፋብሪካው ወፍራም አድርጎ፣ ውስጡን ባዶ ትቶ ስለሚሠራው መኪናው ቀሎም ግትር ይሆናል። ግትር ካልሆነ መሪውን ስታዞር ሻንሲው ራሱ ይጠመዘዛል፤ ጎማው መንገዱን በደንብ አይረግጥም። «ጥንካሬውን ያገኘው በሙቀት ነው፤ አንተ ደግሞ በብየዳ እሳት ትገድለዋለህ» ይላል። «በማጣበቂያና በሪቬት ምስማር የሚያያይዙት ለምን መሰለህ?» ካርቦን ፋይበር ደግሞ ከሁሉም ይቀላል፤ ነገር ግን አይጣመምም፣ ይሰነጠቃል፣ ላዩ ደህና መስሎ። አንዴ አንድ ሀብታም ጎረምሳ ያመጣውን በጣቱ አንጓ እያንኳኳ ሲያዳምጥ ቆየና «ይሄ ሞቷል፣ ውሰደው» ብሎ መለሰው። በየነ በንዴት ሊፈነዳ ደረሰ።

በየነ የጋራዡ ባለቤት ነው። የቤተ ክርስቲያናችንም ሽማግሌ ነው፤ እሁድ እሁድ መድረክ ላይ ቆሞ ስለ ቅንነት ሲያስተምር እንባው ይመጣል። ሰኞ ከጨረታ ያነሳውን ሬሳ መኪና ጉድጓዱን በስቱኮ ልስን አስሞልቶ ለዚያው ጉባኤ ይሸጣል። ሳየው ምራቄ ይመረኛል። እንጀራዬ እሱ ዘንድ ስለሆነ እውጠዋለሁ።

መጋቢት ላይ ቢጫዋን አመጣ። ሁለት ወንበር ብቻ ያላት፣ ጣሪያዋ የሚከፈት፣ ሻንሲዋ በሙሉ አልሙኒየም የሆነ ስፖርት መኪና። ግራ ጎኗን ተመትታ ከበሩ ሥር የሚያልፈው አግዳሚ ወደ ውስጥ ገብቷል። ጣሪያ ለሌላት መኪና ያ አግዳሚ ነፍሷ ነው፤ ጣሪያው ሊሸከም የሚገባውን ሁሉ የሚሸከመው እሱ ነው። ተቆርጦ በአዲስ መተካት ነበረበት። በየነ «ቀጥቅጠህ በይደው» አለ።

«አይሆንም፣ ጋሼ» አለ ፈክረዲን።

«ለመንዳት አይደለም እኮ። ሮውሌት ከተማ ያለ ሰውዬ ሱቁ ውስጥ ለማሳያ ሊያቆማት ነው። ኢንጂኑንም ሪሙቭ አድርጎ ያወጣዋል።»

«ወላሂ ይበሉ።»

«እግዚአብሔር ምስክሬ ነው!»

ፈክረዲን የፈጣሪ ስም ከተጠራ በኋላ አይከራከርም። በየዳት። እኔ ስቱኮውን ሞልቼ፣ ፍቄ፣ አለስልሼ ቀባኋት። መስታወት አስመሰልኳት።

ቅዳሜ ጠዋት በየነ በስልክ ሲያወራ ሰማሁ። ሮውሌት ያለ ሰውዬ የሚባል ነገር የለም። ገዢዋ ቤቴል ነች፣ መዘምራን ውስጥ አብራኝ የምትዘምረው ነርስ። ከማኪኒ ተነስታ ዳላስ እስካለው ሆስፒታል ድረስ በየቀኑ ሃይዌይ ላይ ናት። ዕድሜዋን ሙሉ ቤተሰብ ስትረዳ ኖራ፣ አንድ ነገር ለራሷ አማራት። በእኛ ዘንድ ደግሞ ወንድምህ የሚሸጥልህን መኪና መካኒክ ጋ ወስዶ ማስመርመር ሰውየውን ሌባ ከማለት አይለይም። ስለዚህ ማንም አያስመረምርም። ከፕሮግራም በኋላ ፓርኪንጉ ላይ እጅ ተጭኖ ይጸለይባትና ወረቀቱ ይፈረማል። የዋህነታችን ያስጠላኛል፤ በየዋህነታችን የሚነግደው የበለጠ ያስጠላኛል።

ከጎን አንድ መኪና ቢመታት አግዳሚው እንደ ካርቶን ታጥፎ እላይዋ ላይ ነው የሚመጣው። ይህን አውቃለሁ። ስልኬን አውጥቼ ስሟን ሳየው ቆየሁ። የደወልኩት ግን ለፈክረዲን ነው። የራሴን አፍ መክፈት ስለፈራሁ የሱን ልዋስ ብዬ።

እሁድ ሃያ ሰው ያህል ቢጫዋን ከቦ እጁን ዘርግቷል። በየነ ዓይኑን ጨፍኖ ይጸልያል። ፈክረዲን የመኪና ማንሻ ክሪክ አንጠልጥሎ መጣ፤ አሜን እስኪባል ዳር ቆሞ ጠበቀና ወደ ቤቴል ሄደ።

«ሳትፈርሚ አንድ ደቂቃ ብቻ፣ እህቴ።»

«አንተ ደሞ እዚህ ምን ትሠራለህ?» አለ በየነ።

ፈክረዲን ተንበርክኮ ክሪኩን በግራ ከኋላ ጎማው አጠገብ አስገባና አነሳት። አንድ ጎማ ብቻ ከአስፋልቱ ለቀቀ።

«የግራውን በር ክፈቺው። አሁን ዝጊው።»

ቤቴል ገፋችው። አልዘጋ አለ፤ ጠርዙ ከቦዲው ጋር እየተጋጨ ተመለሰ። ደግማ ገፋችው። ቢጫው ቀለም ተልጦ ከሥሩ ስቱኮው ታየ።

«ጤነኛ ሻንሲ በአንድ ጥግ ቢነሳም ቅርጹን አይለቅም፤ በሩም እንደ ወትሮው ይዘጋል። ይሄ ታጥፏል። ሃይዌይ ላይ ጎንሽን ቢመቱሽ አያተርፍሽም።»

«ወገኖች፣ ጠላት በረከትን እንዴት እንደሚቃወም አያችሁ!» አለ በየነ። ሁለት ሦስት ሰው «በኢየሱስ ስም» ብሎ ተቀበለው።

ቤቴል ወደ ፈክረዲን ዞረች። «ሶ፣ ማነው ፊክስ ያደረጋት?»

«እኔ ነኝ የበየድኳት። ለማሳያ ነች ተብዬ ነው። ቢሆንም የእጄ ሥራ ነው።»

«ይኸው! በገዛ አፉ!» ብሎ ጮኸ በየነ። አንዲት ሴትዮ ፈክረዲን እግር ሥር እንትፍ አሉ። በየነን ማንም ዞሮ አላየውም። አንድ ሰው እውነት ተናገረና ምራቁ ለሱ ተረፈ።

ቤቴል ወረቀቱን አጣጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው። ከዚያ ወደ እኔ አየች፤ ጋራዡ ውስጥ የምቀባው እኔ እንደሆንኩ ታውቃለች። «ቀለሙስ? ማለቴ፣ ማነው የቀባት?»

እጄን ኪሴ ውስጥ ከተትኩ።

«ሌሊሳ ያን ሳምንት አልነበረም» አለ ፈክረዲን፣ ከመሬት ሳይነሳ። «ቀለሙንም እኔ ነኝ።»

ዘጠኝ ዓመት አብሬው ስሠራ ሲዋሽ የሰማሁት ያን ቀን ብቻ ነው። ቤቴል ቀረብ ብላ ክንዴን ያዘችኝ፤ እንባዋ እየወረደ ነበር።

«ወንድም ሌሊሳ፣ አንተ ብትኖር ኖሮ ትነግረኝ ነበር አይደል?»

«አዎ» አልኳት። ፈክረዲን እግሬ ሥር ተንበርክኮ ክሪኩን ያወርድ ነበር።