ቀዩ የጡብ ቤትና ሦስቱ ደቂቃዎች

ከቆቦ የወጣሁ ዕለት ንጋት ላይ መናኸሪያ የነበሩት እናቴ፣ ሁለቱ እህቶቼ፣ ከሮቢት የመጣው አጎቴ፣ ጎረቤታችን ካሳ ከነሚስቱ፣ አብራኝ የምትሄደው ልጄ ሰዓዳ፣ ከሁሉም ፊት ደግሞ የሰፈራችን መራቂ አሮጊቷ እትዬ ዘሃራ ናቸው። ሹፌሩ ክላክሱን ያስጮሃል፣ እትዬ ዘሃራ መዳፋቸውን ዘርግተው ይመርቃሉ።

«እናት፣ መኪናው ሊሄድ ነው!»

«ሳትመረቅ ወዴት ነው የምትሄደው? አንተም አሚን በል!»

አሚን አለ። «የምትገቢበት ቤት ይቁምልሽ፤ ደጁ አይዘጋብሽ፤ የተበተነው ይሰብሰብልሽ!» አሉኝ።

ባለቤቴ ያለበት ዴንቨር ገባን። እናንተዬ፣ ፀሐዩ የቆቦን ይመስልና ስትወጡ በረዶ ነው፤ ሰው ያታልላል። በቆሏቸው እንደ ከረሜላ ይጣፍጣል፤ የማሽላ እሸት ግን የለም። ከተማዋን የቆረቆሯት ወርቅ ፈላጊዎች ናቸው አሉ። የግዛቱ ምክር ቤት ጉልላት ዛሬም በእውነተኛ ወርቅ ተለብጧል። መጀመሪያ የሠሩትን የእንጨት ቤት እሳት ቢበላው «ከእንግዲህ በጡብ ሥሩ» ተባለ። እኔ እሳት የምፈራ ሴት፣ ይህን ስሰማ አገሩን ወደድኩት።

የተከራየነውም አሮጌ ቀይ የጡብ ቤት ነው። አንድ ቀን አከራያችን ላፈርሰው ነው ብሎ መጣ።

«ቤቱ አርጅቷል» አለኝ።

«እኔም እያረጀሁ ነው፤ ማን አፈረሰኝ?» ሰዓዳ ይህን አልተረጎመችለትም።

ጎረቤታችን አሮጊቷ ሩት መላ ነገረችን። ቤቱ ታሪክ እንዳለው በከተማው ሸንጎ ፊት ከተመሰከረ ቅርስ ተብሎ ይመዘገባል፤ አይፈርስም። ምስክሩ ደግሞ እኔ ዘንድ ነበር! እሳት እንዳይነሳ ምድር ቤቱን በየቀኑ እፈትሻለሁና፣ ከአሮጌ መደርደሪያ ጀርባ ግድግዳው ላይ በምስማር የተጫሩ ስሞች አግኝቼ ነበር። ሩት አይታ አለቀሰች፤ እዚህ እያደሩ የባቡር ሐዲድ የሠሩ ስደተኞች ስም ነው አለች።

ሸንጎው ለተናጋሪ ሦስት ደቂቃ ይሰጣል። ግድግዳው ላይ ሰዓት ወደ ኋላ ይቆጥራል። ቆምኩ፤ መዳፌን ዘርግቼ የእትዬ ዘሃራን ምርቃት ጀመርኩ። የአገሬ ልጆች አዳራሹን ሞልተው «አሚን! አሜን!» ይላሉ።

«እማ፣ ደቂቃው እያለቀ ነው፤ ስለ ቤቱ ተናገሪ!» አለች ሰዓዳ።

«ሳልመርቅ ነገር ልጀምር? ወግ ያላስተማሩኝ ልታስመስይኝ!»

ሰዓቱ ጮኸ። ሰብሳቢዋ «እናመሰግናለን፣ ይቀመጡ» አለችኝ። ቤቴን በምርቃት አስፈረስኩት!

ሩት ከኋላ ብድግ አለች። «የእኔን ሦስት ደቂቃ ለእሷ ሰጥቻለሁ!»

«ደግሞ እንዳትመርቂ» አለችኝ ሰዓዳ በሹክሹክታ።

ከአራተኛ ክፍል ያላለፍኩት ሴት የግድግዳውን ስሞች በቃሌ አጥንቼ ነበርና አንድም ሳላስቀር ጠራኋቸው፤ የነማን ስም እንደሆነና የት እንደተገኘ ሰዓዳ ተረጎመችልኝ። የሸንጎው አባላት እጅ አወጡ። ቤቱ አይፈርስም ተባለ! እልልታዬን ብለቀው ዘበኛው ከወንበሩ ዘለለ፤ ሰዓዳ ፊቷን ሸፍና እየሳቀች አብራኝ እልል አለች።

ስንወጣ የሸንጎው ጸሐፊ ተከተለኝ።

«ምርቃቱን ከመዝገቡ ላስገባው ነው። የማን ቃል ነው?»

«የእትዬ ዘሃራ፣ የቆቦዋ።»

«በሕይወት አሉ?»

እየሳቅኩ ነበር፤ ሳቄን ተውኩት። ከቆቦ አለፍ ብላ ወዳለችው ዋጃ ከተማ፣ ልጃቸው ዘንድ ሄዱ ከተባለ ወዲህ ስልካቸው አይነሳም። «ጠይቄ ልንገርህ» አልኩት። መዝገቡ ላይ ክፍት ቦታ ትቶልኛል።

ዋጃ የምታልፉ ሁሉ፣ እባካችሁ እትዬ ዘሃራ እንዴት እንዳሉ ጠይቃችሁ ንገሩኝ።