አጎቴ ቀብር ላይ የሳቀ ዕለት

በደርግ ጊዜ ነው። የእናቴ ታናሽ ወንድም እስቴ ውስጥ፣ ከመካነ ኢየሱስ ብዙ በማይርቅ ቀበሌ ያርስ ነበር። ሚስቱ በተስቦ ታማ ብዙም ሳትቆይ ሞተችና ከእናቴ ጋር ለቀብር ሄድን።

እኔ ሟቿን በቅጡ አላውቃትም። ሆኖም ደረቴን እየደቃሁ ስጮህ ሁለት ሴቶች ደግፈው ያዙኝ። “ወግ ያላት ልጅ” ተባልኩ። አጎቴ ግን ሳቀ።

ፈገግ አላለም፤ ሳቀ። ሬሳው ወደ ጉድጓድ ሲወርድ ጀመረውና ጋቢውን አፉ ውስጥ ቢጎስርም አልቆም አለው። ካህናቱ ጸሎታቸውን ሳያቋርጡ ዞር ብለው አዩት።

ከስማዳ የመጡት የሟች ወንድሞች ዱላቸውን ጨበጡ።

“ምን ያስቅሃል?” አለው ትልቅየው።

“እኔም አላውቀው” አለ አጎቴ፣ እየሳቀ።

ሽማግሌዎች መሃል ባይገቡ ሌላ ጉድጓድ ያስፈልግ ነበር።

በማግስቱ ወንድማማቾቹ የገበሬ ማኅበሩ ፍርድ ሸንጎ ዘንድ ከሰሱት። ሳይገድላት አይቀርም ነው ነገሩ። ዳኛው በዕድሜ የገፉ ገበሬ ነበሩ።

“ስለ ሳቅ የወረደልን መመሪያ የለም” አሉና ምስክር ጠሩ።

እናቴ ተነሳች። “ጌታዬ፣ ይህ ልጅ አባታችን የሞተ ዕለትም ስቋል፤ ተገርፏል። በሬው ገደል የገባ ጊዜም እንደዚሁ። ሠርጉ ላይ ደግሞ ሲንሰቀሰቅ ሚዜዎቹ አፈሩ። የፈጠረው እንዲህ አድርጎ ነው፤ እኔ ምን ላድርገው?”

ዳኛው ወደ አጎቴ ዞሩ። “አንተስ ምን ትላለህ?”

“የሞተች ዕለት ጠዋት ውሃ ጠማኝ አለችኝ” አለ። “ቤት ያደረውን አልፈልግም፣ ከምንጩ ይሁንልኝ አለች። እኔም እንስራ አንስቼ...”

ሳቁ መጣበት። እየተንፈራፈረ መሬት ቁጭ አለ። ከሸንጎው አብሮት የሳቀ አልነበረም።

ትልቅየው ሲያየው ቆየና ሄዶ አጠገቡ ተቀመጠ። ትከሻውን ይዞ ሳቁ እስኪያልፍ ጠበቀ።

“ደረስክላት?” አለው።

“አልደረስኩም።”

ክሱን ተዉት። ታናሽየው ግን ከዚያ ወዲያ አጎቴን ሰላም ብሎት አያውቅም። ጎረቤቱም ቢሆን ለቅሶ ቤት ውስጥ አያስገባውም፤ እሱም ሳይከፋው ደጅ ሆኖ እንጨት ይፈልጣል። ትልቅየው ወደ እስቴ በመጣ ቁጥር የሚያድረው እሱ ቤት ነው።