ሞረዴ ወንፈል ነው

የሞተር መጋዝ ጥርስ ሁሉ ወደ አንድ ወገን አያይም። አንዱ ወደ ቀኝ፣ ቀጥሎ ያለው ወደ ግራ፣ ደግሞ ወደ ቀኝ፤ እንዲህ እየተፈራረቀ ሰንሰለቱን ይዞራል። ይህን ለማወቅ መማር አያስፈልግም፤ አጎንብሶ ማየት ይበቃል። የእኛ ሰፈር ወንዶች ግን መጋዙን ስንት ጊዜ ሲይዙት ኖረው አንድ ቀን አላጎነበሱም።

መጋዙን የገዛው ባሌ ነው። በማሳችን ዳር የተከልነው ባሕር ዛፍ ለቋሚ ሲደርስ ከፍኖተ ሰላም በትከሻው ተሸክሞ አመጣው። በመጀመሪያ የሚቆርጥበትም የሚሞርደውም እሱ ነበር። ኋላ ዓይኑ ሲደክም ጥርሱን መለየት አቃተውና ሞረዷ ወደ እኔ መጣች። በግቢያችን፣ ከብሳናው ጥላ ሥር፣ አንድ ጉማጅ ግንድ አለ፤ መሐሉን ባሌ ሰንጥቆልኛል። መጋዙ እንዳይወዛወዝ እዚያ ስንጥቅ ውስጥ አጣብቀዋለሁ። ከዚያ እንደ እርሳስ በቀጠነችው ድቡልቡል ሞረድ ጥርሱን ከውስጥ ወደ ውጭ እየገፋሁ እስለዋለሁ። መግፋት ብቻ ነው። ስትመለስ ከፍ አድርጎ ማንሣት ነው፤ ብረቱ ላይ እየጎተቱ ከመለሷት ሞረዷም ጥርሱም ይበላሻሉ። ለአንዱ ጥርስ የገፋሁትን ያህል ለሌላውም እገፋለሁ። አንደኛው ወገን ተስሎ ሌላው ከዶለዶመ መጋዙ ወደ ተሳለው ይስባል፤ ቀጥ ብሎ መቁረጡ ይቀራል። እኔ ቀኝ እጄ ነው የሚቀናኝ፤ ወደ ግራ የሚያዩት ጥርሶች ያስቸግሩኛል። ስለዚህ ገና ሳልደክም ከእነሱ እጀምራለሁ።

መሞረዱ ሲያልቅ የመጋዙን ሽፋን ፈትቼ ዘይት የጠጣውን ሰጋቱራ በሽቦ እጠርጋለሁ። የአየር ማጣሪያውን በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ አራግፋለሁ። ሰንሰለቱ የሚዞርበትን ረጅም ብረት ደግሞ እገለብጠዋለሁ፤ ከታች የዋለው ወደ ላይ እንዲወጣ። ሁልጊዜ የሚበላው የታችኛው ነውና ተራ በተራ ካልሆነ አይችለውም።

ባሌ ካረፈ በኋላም መጋዙ ለሰፈሩ ወንፈል መሥራቱን አልተወም። ወንፈል ማለት ዛሬ ላንተ፣ ነገ ለእኔ ነው። ከደቦ ይለያል። ደቦ የጠራ ሰው ጠላ ጠምቆ፣ ደግሶ፣ የመጣለትን ሁሉ ሲያመሰግን ይውላል፤ የመጣውም ጠጥቶና ተመስግኖ ይሄዳል። ወንፈል የሚመለስ ጉልበት ነው፤ ማንም ለማንም ባለውለታ አይሆንም። መጋዙ የእኔ፣ ቤንዚኑ የባለ ተራው፣ መቁረጡ የወንዶቹ፣ መሞረዱ የእኔ ነበር። ወደ ማምሻው ዶልዱሞ ይመጣልኛል፤ በማግሥቱ ተስሎ ይወጣል። እንዲህ እየተባለ የቤቱ ሁሉ ዛፍ ተቆረጠ።

በዚህ መሐል ቡሬ የዳርኋት ልጄ ትዳሯ ፈርሶ ሕፃኗን አዝላ ተመለሰችብኝ። ቤቴ አንድ ክፍል ናት፤ ለእኔና ለጥጆቹም አልበቃች። በግቢዬ ጥግ ለእሷ የሚሆን ቤት ልሠራ ቆረጥሁ። ባሕር ዛፉ የራሴ ነው። ነገር ግን ክረምት ሳይገባ ተቆርጦ፣ ተልጦ፣ ደርቆ መቆም አለበት። እሑድ ከቅዳሴ መልስ ወንዶቹ ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ሥር ተቀምጠው ሳሉ ሄጄ ተራዬን ጠየቅሁ። የወንፈሉን ዙር የሚመራው የባሌ ታናሽ ወንድም ነው።

«እትዬ፣ የእርስዎ ተራ እኮ የለም» አለኝ።

«እንዴት ነው የማይኖረው?»

«ወንፈል የጉልበት ነው። ከእርስዎ ቤት ማን ወጥቶ ቆረጠ?»

«መጋዙንስ ማን ይሞርደዋል? ዝንጀሮ?»

ሳቁ። እሱም ሳቀ። «እሱማ ተቀምጦ ነው። ጥጥ እንደ መፍተል ያለ ነገር ነው። አይቆጡ በሞቴ። ጠላዎን ይጥመቁና ደቦ ይጥሩ፤ ለእርስዎ ያልመጣን ለማን ልንመጣ ነው?»

ተቀምጦ! ጥጥ ጣት ይቆርጣል? ጥጥ ጀርባ ያጎብጣል? ጠላውን ሰስቼ አልነበረም፤ ስደግስ የኖርሁ ሴት ነኝ። ደቦ ከጠራሁ ግን ለማኝ ነኝ፤ ያ ሁሉ ሞረድ እንዳልነበረ ይሆናል። ልጄም የምትገባው በምጽዋት ቤት ነው። ደሜ ፈላ።

ቀጣዩ ተራ የራሱ ነበር። መጋዜን ልከለክለው እችል ነበር። ተራ ግን ተራ ነው፤ ብከለክለው እኔም እሱን ሆንሁ። «ውሰደው» አልሁት። «ሞረዴ ግን ከቤቴ አትወጣም። እንግዲህ ተቀምጠህ ፍተል።»

«ማጭድ እየሞረድን ያደግን ሰዎች ምን ያቅተናል?» አለና ከማንኩሳ ገበያ የራሱን ሞረድ ገዛ።

የማጭድ ጥርስ ሁሉ ወደ አንድ ወገን ነው የሚያየው። ይህን ግን አልነገርሁትም።

የተራው ቀን ጠዋት የመጋዙ ድምፅ ከወንዙ ማዶ ተሰማኝ። ጆሮዬ ያውቀዋል። የተሳለ መጋዝ ሲበላ ድምፁ ወፍራም ነው፤ ያልተሳለ ይንጫጫል። ተንጫጫ፣ ተንጫጫና ጸጥ አለ። ልጄ ቀና ብላ አየችኝ። «ሥራሽን ሥሪ» አልኋት። ጥቂት ቆይቶ የንስሐ አባቴ እያለከለኩ መጡ፤ እሳቸውም በዙሩ አሉበት።

«ልጄ፣ ኧረ ድረሽልን። መጋዙ ግንዱን ነክሶ አለቅም አለ።»

«ይጸልዩለት አባ።»

«ጸለይሁ እኮ! ሞተር አይሰማም።»

ሞረዴን በነጠላዬ ጫፍ ቋጥሬ ተከተልኋቸው። ትልቁን ባሕር ዛፍ ጀምረውት፣ ቁርጡ ራሱ እንደ ማጭድ ጎብጦ ገብቶ መጋዙን አንቆ ይዞታል። ዛፉ ወደ ከብቶቹ በረት ዘሟል። በገመድ ወደ ማዶ ወጥረው፣ ሽብልቅ መትተው በስንት መከራ መጋዙን አወጡት። የባሌ ወንድም በሁለት እጁ አቀረበልኝ። አጎንብሼ አየሁት። ወደ ቀኝ የሚያዩት ጥርሶች ያበራሉ። የግራዎቹ አፍንጫቸው ተፍቆ ድዳቸው ቀርቷል። ሁሉንም ከአንድ በኩል ቆሞ፣ በአንድ አቅጣጫ፣ እንደ ማጭድ ሞርዷቸዋል።

ድንጋይ ላይ ተቀመጥሁ። ሞረዴን ግን አልፈታሁም። «ተራዬ መቼ ነው?» አልሁ።

«እትዬ፣ ዛፉ እኮ ተንጠልጥሏል።»

«አይቼዋለሁ። በገመድ ታስሯል። ተራዬ መቼ ነው?»

«እሺ፣ ነገ እንመጣለን። አባወራ የሌላትን ቤት መርዳት ጽድቅም ነው።»

«ጽድቅህን ለራስህ ያዝ! እኔ የጠየቅሁህ ወንፈሌን ነው።»

 አባ «በል እንጂ አንተ ሰው፣ ምሳው ቀዘቀዘ» አሉ።

«ወንፈል ነው» አለ፣ መሬት መሬት እያየ።

«እኔ የማውቀውን ለእኔ ምን ትነግረኛለህ? ለእነሱ ንገራቸው።»

ዞረ። አንገቱ ቀልቷል። «ነገ የእትዬ ወንፈል ነው። ደቦ አይደለም። ጠላ ብሎ የሚመጣ እንዳይኖር።»

ቋጠሮዬን ፈታሁ። ሥራው ግን የሞረድ ብቻ አልነበረም። ጥርሶቹ እኩል እንዲሆኑ ደህናዎቹን ከተጎዱት ጋር ማስተካከል ነበረብኝ። ገና ብዙ ዛፍ የሚቆርጠውን ብረት፣ ባሌ እየሳሳ ያኖረውን፣ ወደ ትቢያ ሞርጄ ጣልሁት። ጉልበቴ ላይ የተከመረውን የብረት ዱቄት አራግፌ መጋዙን መለስሁላቸው፤ ዛፉም ከበረቱ ርቆ ወደቀ። ዛሬም ያ ሰንሰለት ያለ ዕድሜው ማርጀቱ ያቃጥለኛል። የባሌ ወንድም ኋላ ይቅርታ ብሎኛል፤ ጥርሱ ግን በይቅርታ አይበቅልም።

በማግሥቱ መጡ። የእኔን ዛፍ ያለ ቀልድ፣ ያለ ምስጋና ቆረጡ። እንደ ማንኛውም ወንፈል ቆሎና ምሳ በሉ፤ ሲሄዱም አላመሰገንኋቸውም፤ የሚመሰገንበት ነገር አልነበረም። የልጄ ቤት ዝናቡ ሳይጀምር ጣሪያ ለበሰ። በልጄ እጅ የተለጠፈው ጭቃ አሁንም በሩ ዳር ይታያል።

ዘንድሮ አዲስ ዙር ሲጀመር የባሌ ወንድም ራሱ መጣ። በሩ ላይ ቆሞ ጉሮሮውን ጠረገ። «እትዬ፣ የእርስዎን ተራ የት እናድርገው? ከፈለጉ መጀመሪያ ይሁን።»

«ለምን ተብሎ? እንደ ሰው ሁሉ በዕጣ» አልሁት።

ዕጣው ወጣ። የመጨረሻው ደረሰኝ። ስናደድ ዋልሁ፤ ከዚያ ከብሳናው ሥር ተቀምጬ ለመጀመሪያው ባለ ተራ መጋዙን መሞረድ ጀመርሁ፤ ከግራዎቹ።