እጅ የሚወጣበት አደባባይ

ፕሬዚዳንታቸው ማን እንደሆነ የጠየቅኳቸው ወሬ ለማስጀመር ያህል ነበር። ዲሲ አጠገብ አሌክሳንድሪያ የምንከባከባቸው ሴትዮ፣ ቤታቸው ሥራ በጀመርኩበት ሳምንት ቁርስ ሳቀርብላቸው "የስዊዘርላንድ ሰው ነኝ" አሉኝ። እኔ ስለዚያ ሀገር የማውቀው ሰዓትና ቸኮሌት ብቻ ነው።

"አሁን ፕሬዚዳንታችሁ ማነው?" አልኳቸው።

ማንኪያውን አስቀምጠው ወደ ጣሪያው አዩ። "ዘንድሮ ለማን እንደደረሰው እንጃ" አሉኝ። "ሀገሩን የሚመሩት ሰባት ናቸው። ፕሬዚዳንትነቱ በየዓመቱ ተራ በተራ ነው።"

እርጅናው መሰለኝ። ሰማንያዎቹን ሊጨርሱ ምንም አልቀራቸውም፤ ከስትሮክ በኋላ ቀኝ ጎናቸው ስለደከመ ነው እኔም ኤይድ፣ አስታማሚ ሆኜ የተቀጠርኩት። ማምሻውን ልጃቸው ሲመጣ፣ "አንዳንድ ነገር ይረሳሉ መሰለኝ" ብዬ ይህንኑ ነገርኩት። እሱ ሳቀ።

"እናቴ ምንም አትረሳም። እዚያ ሄደሽ መንገድ ላይ ሰው ብታስቆሚ ብዙው አያውቀውም" አለኝ።

ሲልቨር ስፕሪንግ ቤቴ ስገባ ለእናቴ አወራኋት። እናቴ ያን ጊዜ ልጆቼን ለማየት ከአዲስ አበባ መጥታ እኛ ጋ ነበረች።

"የሚገዛውን የማያውቅ ሰው አለ እንዴ?" አለች። ከዚያ አሰብ አደረገችና ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ "ታድለዋል" አለች።

ከዚያ ወዲያ ከሺፍት በተመለስኩ ቁጥር በሩ ላይ ነው የምትቀበለኝ። "ዛሬስ እትዬ ምን አሉ?" ትለኛለች። ያላየቻቸውን ሴትዮ እትዬ ብላቸዋለች። እኔም እነግራታለሁ። አንድ ጊዜ ሀገራቸው በባቡር ሲሄዱ፣ አንድ ሚኒስትር መቀመጫ አጥቶ በሩ ጋ ቆሞ ጋዜጣ ሲያነብ አይተዋል። ማንም አልተነሳለትም፤ እሱም እንዲነሱለት አልጠበቀም። ባለቤቴ ታክሲ ነው የሚሠራው። ዲሲ ውስጥ ባለሥልጣን ሊያልፍ ነው ተብሎ መንገድ ሲዘጋበት ስንት ጊዜ ተሳፋሪ ይዞ ቆሟል። የባቡሩን ወሬ ሲሰማ "ውሸታቸውን ነው" ብሎ ሶፋው ላይ ተንጋለለ።

"በዚህ ዕድሜያቸው ምን ያዋሻቸዋል?" አለችው እናቴ።

እሷን ይበልጥ የያዛት ግን የአደባባዩ ነገር ነው። የሴትዮዋ ትውልድ ተራራዎቹ መሀል ካለች ትንሽ ክፍለ ሀገር ነው። እዚያ በዓመት አንድ እሑድ ሕዝቡ ከቅዳሴ ወጥቶ አደባባይ ይቆማል፤ ሕጉንም ሹመቱንም እጅ እያወጣ ይወስናል። ምክር ቤት አላቸው፤ ሕጉን ያዘጋጃል፤ የመጨረሻው ቃል ግን የአደባባዩ ነው። ወንዶቹ ከአባታቸው የወረሱትን ሰይፍ ታጥቀው ይመጣሉ። ሰይፉ ለመምረጥ መብት ማስረጃ ነው፤ ሌላ መታወቂያ አይጠየቁም። ሴቶች ግን አደባባዩን ከከበበው ገመድ ውጭ ነበሩ። እትዬ በልጅነታቸው ከገመዱ ወዲህ ከእናታቸው ጋር ቆመው ያዩ ነበር። በኋላ አሜሪካዊ አግብተው መጡ። ሴቶች ገመዱን አልፈው እንዲገቡ የተደረገው እኔ አዲስ አበባ ተማሪ ሳለሁ ነው፤ ያውም ወንዶቹ ደጋግመው እምቢ ብለው፣ የሀገሪቱ ትልቁ ፍርድ ቤት ካዘዘ በኋላ።

"እንዲህም ያለ ሕዝብ ነው" አሉኝ። ሀገራቸውን ሲያወድሱ ነውሩን አይደብቁም።

ያን ዓመት ሚያዝያ ላይ ኮል አደረጉልኝ። የወንድማቸው ልጅ በአደባባዩ ፊት ልትናገር ነው፤ ስብሰባው በቲቪ ላይቭ ይታያል፤ እዚያ እኩለ ቀን ሲሆን እኛ ጋ ገና ሊነጋ ነው። "በማለዳ ትመጪልኛለሽ?" አሉኝ። እሑዱ ሆሳዕና ሆነ። ባለቤቴ ሥራ ነው፤ እናቴን ቤተ ክርስቲያን የሚያደርስልኝ ሰው የለም። ይህን ስነግራቸው "ምን ችግር አለው? ይዘሻት ነይ" አሉኝ።

እሑድ ንጋት ላይ እናቴን ነጠላዋን ለብሳ ከእኔ ቀድማ በሩ ጋ ቆማ አገኘኋት። ቤልትዌዩ፣ ከተማውን የሚዞረው አውራ መንገድ፣ ባዶ ነበር። ድልድዩ ላይ ስንደርስ ፖቶማክ ወንዝ በጭጋግ ተሸፍኗል፤ እናቴ መስኮቱን ዝቅ አድርጋ አማተበች።

እትዬ ለብሰው፣ ጸጉራቸውን አበጥረው፣ ቲቪው ፊት ተቀምጠው ጠበቁን። እናቴ ጎንበስ ብላ "እንደምን አደሩ እትዬ" አለቻቸው። ግራ እጃቸውን ሰጧት። እሷ በሁለት እጇ ተቀብላ ያዘቻቸው፤ እስክትቀመጥም አልለቀቀቻቸውም። ቲቪው ላይ የሚባለውን እሳቸው በእንግሊዝኛ ይነግሩኛል፤ እኔ ለእናቴ በአማርኛ እተረጉምላታለሁ።

ስክሪኑ ላይ ዝናብ እየዘነበ ነው። በእንጨት የተሠሩ ባለ ቀለም ቤቶች መሀል ሰዉ ግጥም ብሎ ቆሟል፤ ሽማግሌ፣ ወጣት፣ ልጅ ያዘለች ሴት። ከጀርባቸው ተራራው በረዶውን እንደለበሰ ነው። ባንዲራ የያዙ ሰዎች ሰልፉን እየመሩ ገቡ፤ ሹሞቹ ጥቁር ካባ ለብሰው የእንጨት መድረክ ላይ ወጡ።

"ወታደሩስ?" አለች እናቴ።

ጠየቅኩላት። እትዬ ስክሪኑን በጥንቃቄ አዩ። "እዚያ ጥግ ላይ አንድ ፖሊስ አለ። መኪና እንዳይገባ ነው" አሉ።

ከዚያ መሐላው መጣ። መጀመሪያ ሹሙ ለሕዝቡ ማለ፤ ቀጥሎ ሕዝቡ ማለ። ኮፍያው ሁሉ ወለቀ፤ ጃንጥላው ታጠፈ፤ ዝናቡ በራሳቸው ላይ እየወረደ ያ ሁሉ ሰው እጁን ወደ ላይ አነሳ። እናቴ ማንም ሳይነግራት ተነሥታ ቆመች። እኔም ቆምኩ። ሹም ለሕዝብ ሲምል ያየሁት ያን ቀን ነው።

አንዱ ሕግ ተነቦ "የምትቀበሉ" ሲባል እጅ ወጣ። "የማትቀበሉ" ሲባልም እጅ ወጣ፤ ብዙ እጅ። ሹሙ ከመድረኩ ላይ ሆኖ በዓይኑ መዘነና የትኛው እንደበለጠ ተናገረ። አለቀ። እናቴ ክንዴን ጨበጠችኝ።

"እጁን ያላወጣውን ማነው የሚጽፈው?"

ለእትዬ ተረጎምኩ። አልገባቸውም። ደግሜ አስረዳኋቸው።

"ለምን ይጻፋል?" አሉ።

"አይጻፍም እማ" አልኳት።

"ማንም?"

"ማንም።"

በደርግ ጊዜ እኔን አዝላ የቀበሌ ስብሰባ ስትሄድ የነበረውን ያን ጊዜ ነው ያወራችልን። "የምትደግፉ" ሲባል እኔ እያለቀስኩባት ምን እንደተባለ እንኳ ሳትሰማ ታወጣለች። ሁሉም ያወጣል። "የምትቃወሙ" የሚለውም ይጠየቅ ነበር፤ ያን ጊዜ አዳራሹ ውስጥ ማንም አይስልም። "እጄ ይወጣል እንጂ እኔ አላወጣሁም" አለች። እትዬ ይህን ሲሰሙ ከቲቪው ዞር ብለው አዩዋት።

የወንድማቸው ልጅ ተራዋ ደረሰና መድረኩ ላይ ወጣች። ጸጉሯን አጭር የተቆረጠች፣ ሃምሳውን ያለፈች ሴት ናት፤ ዝናቡ መነጽሯን ሸፍኖታል። ከመንደራቸው ቁልቁል የሚወርደው መንገድ ሊሰፋ ነው፤ አያቶቻቸው የተከሏቸው ዛፎች ሊቆረጡ ነው። ዛፎቹ ከእኛ በፊት ነበሩ፣ ከእኛም በኋላ ይኑሩ አለች። ቀጥሎ ወተት በመኪና የሚያመላልስ ሰው ወጣ። በብርዱ ወራት በረዶ ሲጥል ሁለት መኪና አይተላለፍም፤ አንድ ቀን በሽተኛ የጫነ አምቡላንስ ከኋላዬ ቆሞ መንገድ ልሰጠው አልቻልኩም አለ። ንግግራቸው አጭር ነበር። ሰዉ ሁለቱንም በጸጥታ ሰማ።

"መንገዱ ይስፋ የምትሉ" አለ ሹሙ።

አደባባዩ መዳፍ ብቻ ሆነ። እኔ እሱን ሳይ አጠገቤ የሆነ ነገር ተንቀሳቀሰ፤ ዞር ስል እናቴ እጇን አውጥታለች።

"እማ!" አልኳት በሹክሹክታ። "የወንድማቸው ልጅ እኮ ይህንን አትፈልግም!"

"ሰምቻለሁ" አለች። "ለመንገዱ ነው ያወጣሁት።"

አላወረደችም። ነጠላዋ እስከ ክርኗ ተንሸራቷል፤ ዓይኗ ስክሪኑ ላይ ነው። ቀጥሎ "የማትቀበሉ" ሲባል እትዬ ግራ እጃቸውን አነሡ። ከገመዱ ውጭ ያደጉት ሴትዮና ሳትሰማ ስታወጣ የኖረችው እናቴ፣ አሌክሳንድሪያ ሳሎን ውስጥ፣ አንዷ ለመንገድ አንዷ ለዛፍ።

መንገዱ አሸነፈ።

"እናትሽ ለምን አወጣች?" አሉኝ እትዬ።

ነገርኳቸው። የእናቴ ታላቅ እህት ገጠር ምጥ ይዟት በቃሬዛ ወደ ከተማ ስትወርድ መንገድ ላይ ነው ያረፈችው። እናቴ ያን ጊዜ ከቃሬዛው ኋላ እየሮጠች ነበር።

እትዬ አንገታቸውን ነቀነቁ። ከዚያ ግራ እጃቸውን ዘረጉላት። "አሸንፈሻል በያት። እኔ ዛፎቹን ስለምወድ ነው ያወጣሁት፤ የእሷ ምክንያት ግን ከእኔ ይበልጣል" አሉ።

ስክሪኑ ላይ የወንድማቸው ልጅ ከመድረኩ ወርዳ ሰዉ መሀል ገብታ ነበር። ያ የወተት ሰውዬ ጃንጥላውን ገፋ አድርጎ አስጠለላት፤ እስከ መጨረሻው አብረው ቆሙ። እናቴ ከዚያ በኋላ ሌላ ነገር አላየችም፤ እነሱን ብቻ ነው የምታየው።

"አይኳረፉም?" አለችኝ።

ቤተ ክርስቲያን ስንደርስ ቅዳሴው ተጋምሶ ነበር። መኪናው ውስጥ ምንም አልተናገረችም። መኪናውን አቁሜ ቁልፉን ሳወጣ፣ "ዛሬ እኔ ነኝ ያወጣሁት" ብላ በሩን ከፈተች።

እናቴ በክረምት ወደ አዲስ አበባ ተመለሰች። እትዬ እስኪሞቱ ድረስ "ለመንገዱ ያወጣችው እንዴት ናት?" እያሉ ይጠይቁኝ ነበር። ለቀብራቸው የወንድማቸው ልጅ መጣች። ሰው ሲበተን ተጠግቼ ማን እንደሆንኩ ነገርኳትና፣ እናቴ እጇን በእሷ ላይ እንዳወጣች ሳልደብቅ አወራኋት። አለቀሰችም ሳቀችም።

"መንገዱ ተሠራ" አለችኝ። "በየቀኑ እነዳበታለሁ። አክስቴን ሳጣ ወደ ኤርፖርት የወረድኩትም በእሱ ነው።"

ያኑ ዕለት ለእናቴ ደውዬ ሐዘኑንም መንገዱንም ነገርኳት። ለእትዬ አለቀሰች። ስትረጋጋ፣ "ዛፎቹስ?" አለችኝ።

ከመንገዱ በላይ ያሉት አልተነኩም፤ ከታች ያሉት ተቆርጠዋል፤ በእነሱ ፋንታ ራሷ የወንድማቸው ልጅና ያ የወተት ሰውዬ ሌሎች መትከላቸውን ነግራኛለች አልኳት። "አልተኳረፉማ" አለች እናቴ።