ሰው ያለበት ክፍል

አክስቴ መቀመጥ አትችልም። ወንበር ስትሰጧት ጫፉ ላይ ቁጢጥ ትላለች፤ ሻይ ስትቀዱላት ሁለቴ ፉት ብላ ደጅ ደጁን ታያለች፤ ስልክ በጮኸ ቁጥር፣ የማንም ስልክ ይሁን፣ ብድግ ትላለች። እንደ ሰው አረፍ በይ እያልኩ የተጨቃጨቅኩት ጭቅጭቅ ቤት ይሠራ ነበር። እሷ እቴ፣ ወይ ፍንክች።

ሥራዋ ቤት ድለላ ነው። ሰፈሩ ሁሉ እትዬ ቁልፌ ይላታል፤ የባዶ ክፍል ቁልፎችን በገመድ አስራ አንገቷ ላይ ስለምታንጠለጥል ነው ስሙ የወጣላት። አከራይ የተባለ ሁሉ ለገዛ ወንድሙ የማያምነውን ቁልፍ ለእሷ ይሰጥ ነበር። ስትራመድ ስለምትንቆጫቆጭ ልጆች ገና ሳያዩዋት "መጣች" ይላሉ።

የትኛው ክፍል ሊለቀቅ እንደሆነ ከተከራዩ ቀድማ ታውቃለች ብል ማጋነን አይደለም። ሰው የተሰነጠቀ መስታወቱን ሳያስቀይር ሲቀር፣ ደጁ ላይ ያሉትን አበቦች ውሃ ማጠጣት ሲተው፣ ከሱቅ ካርቶን መለመን ሲጀምር እሷ ደጃፉ ላይ ናት። የትኛው አከራይ በጊዜ በር ይቆልፋል፣ የትኛው ፎቅ ውሃ አይወጣለትም፣ የማን ጎረቤት ሲሰክር ግድግዳ ይደበድባል፣ ይህ ሁሉ ጭንቅላቷ ውስጥ ነው ያለው። ስለዚህ ትከበር ነበር። እውነቱን እናውራ ካልን ትፈራም ነበር። እሷ "እዚያ ቤት እንኳ ይቅርብህ" ካለች ያ ክፍል ሸረሪት ያደራበታል። አከራዮች ጣራ የሚያስጠግኑት ተከራይ ሲያለቅስባቸው ሳይሆን እትዬ ቁልፌ ፊቷን ስታጠቁርባቸው ነበር።

አንድ ሕግ አላት። ክፍል ስታሳይ ጉድለቱን ሳትናገር አትወጣም። በሩን ትከፍትና መሃል ላይ ቆማ ክፉ ክፉውን ትዘረግፈዋለች፤ ደግ ደጉን የምታወራው ከዚያ በኋላ ነው። ደንበኛው ተናዶ ቢሄድም ግድ የላትም፤ "ዛሬ የሸሸግኩትን ነገ ጣራው ያሳብቅብኛል" ትላለች። እኔም እንጀራዬ ከዚሁ ነው። መጋረጃ ሰፊ ነኝ። አዲስ ቤት የገባ ሰው መጀመሪያ የሚፈልገው መጋረጃ ነው፤ እሷ ሰዎቹን ይዛ ሱቄ ትመጣለች፣ የመስኮቱን ልክ በቃሏ ትነግረኛለች፣ እኔ እቆርጣለሁ። ሜትር ይዤ ሰው ቤት ሄጄ አላውቅም።

የራሷ ክፍል ትልቁ ግቢ ውስጥ ነበረች፣ ከብረት በሩ በስተግራ። እናቴ ከሞተች በኋላ እኔን ያሳደገችኝ እዚያች ክፍል ውስጥ ነው። የግቢው ባለቤት ባሏ የሞተባት ጊዜ ክፍሎቹ ሁሉ ባዷቸውን ቀርተው ነበር፤ አንድ በአንድ በደህና ተከራይ የሞላችላት አክስቴ ናት። ሴትዮዋም በውለታው ያችን ክፍል በርካሽ ሰጠቻትና "እኔ ቆሜ እያለሁ ማንም አይነካሽም" አለቻት። ውል የለ፣ ምስክር የለ። ሁለቱም ለቃላችን የምንሞት ሴቶች ነን ብለው ያምኑ ነበር።

ከዚያ የኪራይ ቤት በስልክ የሚለጠፍበት ቻናል መጣ። አከራይ የክፍሉን ፎቶ በስልክ ይልካል፣ የቻናሉ ሰውዬ ይለጥፈዋል፣ ቤት ፈላጊ አልጋው ላይ ተጋድሞ ይመርጣል። መጀመሪያ ሳቅንበት። የእርጥበት ሽታ በፎቶ ይታያል ወይ ብላ አክስቴ ቀለደች። ሳቁ ግን ብዙም አልከረመ። አከራዮቹ ተራ በተራ እየመጡ ቁልፋቸውን ወሰዱ፤ አንዳንዱ አቀርቅሮ፣ አንዳንዱ ሠራተኛ ልኮ። መጨረሻ ላይ ገመዱ ላይ የራሷ ቁልፍ ብቻዋን ቀረች። አንዲት ቁልፍ ደግሞ አትንቆጫቆጭም፤ ልጆቹም መምጣቷን መስማት ተዉ።

ሥራ ስታጣ ትቀመጣለች ብዬ ነበር፤ ጭራሽ ባሰባት። ጠዋት ትወጣለች፣ የማይከራይ ቤት ሁሉ ስትቃኝ ትውላለች፣ አመሻሽ ላይ እግሯ አብጦ ሱቄ ትመጣና የሰበሰበችውን ታወራልኛለች። ማን እንደሚለቅ፣ ማን እንደሚጣላ፣ የማን ቧንቧ እንደፈነዳ። የሚገዛው የሌለ ወሬ። አንድ ቀን፣ ያ ሰውዬ የት ነው የሚኖረው ብላ ጠየቀችኝ፤ የቻናሉን ባለቤት ነው። የሰው ሁሉ ደጅ የምታውቅ ሴት የዚህን ሰው ደጅ ማጣቷ ከኪሳራውም በላይ ያንገበግባት ነበር። ደወልኩላት። እውነት ለመናገር ጨዋ ልጅ ነው፤ "እናቴ" እያለ አናገራት። የሚኖረው በአውቶቡስ ቀኑን ሙሉ የሚያስኬድ ሌላ ከተማ ነው፤ የኛን ሰፈር ረግጦት አያውቅም።

"መንገዱን እንኳ አያውቀውም እኮ" አለች ስልኩን ስትመልስልኝ። ያንኑ ቃል ቀኑን ሙሉ ስትደጋግመው ዋለች።

በዚያው ሰሞን የአከራይዋ ልጅ መጣና ክፍሏን ቀለም ላስቀባልሽ ነው አላት። ግቢውን አሁን የሚያስተዳድረው እሱ ነው። ዕቃዋን አውጥተን በሸራ ሸፈንነው፣ እኔ የሰፋሁትን አሮጌ መጋረጃ ሳይቀር አወረድን፤ ቀለሙ እስኪደርቅም እኔ ጋ ሰንብታ ተመለሰች። ደስታዋ ልክ አልነበረውም። ስንት ዓመት ስትለምነው የኖረችውን ነጭ ግድግዳ አገኘች፤ አየሽ፣ ሰው ውለታ አይረሳም እያለች ነዘነዘችኝ። እኔ ግን አላመንኩም። ያ ልጅ ጥቅም ካላየበት ሰላምታ እንኳ የማይሰጥ ነው። ደስታዋን ላለማበላሸት ግን መጋረጃዋን አጥቤ መልሼ ሰቀልኩላት።

ከድሮ ደንበኞቿ የቀረቻት አንዲት ነርስ ነበረች፣ ከነባሏ። ነርሷ እርጉዝ ናት፤ ቀኗ ደርሷል፤ ያሉበት ቤት ፎቅ ላይ ስለሆነ ደረጃው አሳሯን አብልቷታል። ቤት ከቻናሉ ይመርጣሉ፣ አክስቴን ሱቄ ድረስ መጥተው ይወስዷታል፣ እሷ አይታ ታስጥላቸዋለች። አንዱን ለእርጥበቱ፣ አንዱን ለጭሱ፣ አንዱን ለአከራዩ ምላስ። ባልየው ሳይማረር አልቀረም። ነርሷ ግን እትዬ ቁልፌ ያላዩት ቤት ውስጥ ልጄን አላስተኛም ብላ ተገዝታለች።

አንድ ከሰዓት በኋላ ነርሷ ሱቄ ገብታ ስልኳን ዘረጋችላት። ገና መለጠፉ ነው። ነጭ ግድግዳ፣ ባዶ ሰፊ ክፍል፣ በመስኮቱ ፀሐይ የሚገባበት። የስልክ ካሜራ ጓዳውን አዳራሽ እንደሚያደርገው መቼም ታውቃላችሁ። አድራሻ የለውም፤ ለፈላጊ ሎኬሽን ይላካል ብቻ ይላል። አክስቴ ስልኩን አራቀችው፣ አቀረበችው፣ እኔም በትከሻዋ በኩል አየሁት። ከዚያ የነርሷን እግር አየች፤ እግሯ አብጦ ጫማው አልገባ ብሏት በነጠላ ጫማ ነው የመጣችው።

"ይሄን ያዙት" አለች። "ፀሐይ የጠገበ ቤት ነው። ልጅ ያሳድጋል።"

ሳታየው የመሰከረችለት ቤት በሕይወቷ ያ ብቻ ነው።

ሎኬሽኑ ተላከና ተነሳን። ባልየው ስልኩን ይዞ ከፊት፣ ነርሷ ክንዱን ይዛ፣ እኔና አክስቴ ከኋላ። ዕድሜዋን ሙሉ ከፊት ስትመራ የኖረች ሴት ያን ቀን ተመሪ ሆነች። ዳቦ ቤቱ ጋ ስንታጠፍ ገና ጨዋታ ላይ ነበረች፤ በዚህ በኩል እኔ የማላውቀው ባዶ ቤት አለ ለካ ብላ ሳቀች። ጫማ ሰፊውን ስናልፍ ሳቋ ቀነሰ። ብረት የሚቀጠቀጥበት ብረት ቤቱ ጋ ስንደርስ እርምጃዋ ተጎተተ። ክንዷን ያዝኩ። ስልኩ ደርሰዋል ሲል ትልቁ ግቢ በር ላይ ቆመናል።

"በስተግራ ያለው ነው ይላል" አለ ባልየው። የት እንደምትኖር አያውቁም፤ የሚገናኙት ሁልጊዜ ሱቄ ነው።

የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች እያልኩ ስተርትባት የኖርኩት እኔ ነኝ። ያን ሰዓት ግን ተረቱን ዋጥኩት። እኔስ ብሆን ያደግኩበትን ክፍል፣ ለቀለም ባዶ ባደረግንለት ሰሞን በተነሳው ፎቶ አላወቅኩትም።

አከራይዋ ከነልጇ ወጣች። አክስቴን ስታይ የምትይዘው የምትጨብጠው ጠፋት። እኔ ስልክ ምን አውቄ፣ ልጁ ነው ያደረገው፣ ቅዳሜ ልነግርሽ ነበር፣ አለች። ልጁ ግን አላፈረም። ዛሬ ተከራይ በስልክ ይመጣል፣ እርስዎን ማድከም ምን ያስፈልጋል ብሎ በትህትና ነገራት። በክፉ ቢናገራት ይሻለኝ ነበር። ደሜ ፈላ፤ ቃሉስ የት ገባ ብዬ ጮኽኩ። አከራይዋ መሬት መሬት አየች። ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ ይባላል፤ አክስቴን ለመናቅ የደፈሩት ከአንገቷ ላይ ቁልፉ ሁሉ ካለቀ በኋላ ነው።

አክስቴ ወደ በሯ ሄደች። ቁልፏን ከገመዱ ፈታች፣ በሩን በእግሯ ከፍ አድርጋ ገፋችው፣ ከፈተችው። አልጋዋ፣ ማንቆርቆሪያዋ፣ እኔ የሰፋሁት መጋረጃ። ነርሷ አየችና ገባት፤ እጇን አፏ ላይ ጫነች። አክስቴ እንደ ልማዷ መሃል ላይ ቆመች።

"በሩ ወድቋል፣ ከፍ አድርጋችሁ ካልገፋችሁት አይከፈትም" አለች። "ጣራው በመስኮቱ ጥግ ያፈሳል፤ ቀለሙ ሸፈነው እንጂ አለ። ውሃ ጠዋት ጠዋት ብቻ ነው። ብረት ቤቱ ቅዳሜም ይሠራል፣ ሕፃን አያስተኛም።" አልጋዋን አየች። "ሌላው ጉድለቱ፣ ሰው አለበት።"

ባልየው ስልኩን ኪሱ ከተተ። ነርሷ እያለቀሰች ይዛው ወጣች። እኔ በልቤ አክስቴ አሸነፈች ብዬ ነበር። ግን በሩ ላይ ሌሎች ቆመዋል፤ አንድ ተማሪ፣ አንድ ሻንጣ የያዘ ሰውዬ፣ ሁሉም ስልካቸውን ይዘው። የአከራይዋ ልጅ ግቡ ግቡ አላቸው። ሻንጣ የያዘው ሰውዬ አንዴ ዞር ዞር ብሎ አየና መቼ መግባት እችላለሁ አለ። ጣራውን ቀና ብሎ እንኳ አላየውም። አክስቴ እሱን ትኩር ብላ አየችው።

በማግስቱ ነርሷ ሱቄ መጣች፤ ይቅርታ ልትጠይቅ ነው። ቤቱን እንደማይፈልጉት፣ ባሏም እንዳዘነ፣ ሌላ እንደሚፈልጉ ነገረችን። አክስቴ ከወንበሩ ጫፍ ተነሳች።

"ልጄ፣ እናንተ ብትተዉት እኔ አልቀርበትም። ዛሬ ያ ሻንጣ የያዘው ይገባበታል፣ ዝናብ ሲመጣ ደግሞ ለቅቆ ይሄዳል። አንቺ ያዢው። ጉድለቱን ሁሉ የምታውቂው አንቺ ብቻ ነሽ።"

አብደሻል አልኳት። ማንን ደስ ይበለው ብለሽ ነው፣ ግቢውን በሰው ሞልተሽላቸው እንዲህ ላደረጉሽ ሰዎች እንደገና ተከራይ ልታመጪላቸው፣ አልኳት። ጆሮ ዳባ ልበስ አለችኝ። ነርሷ እምቢ አለች፣ አለቀሰች፣ ባሏን አማከረች፣ ደረጃውን አሰበች። በመጨረሻ ወሰዱት።

አክስቴ ዕቃዋን ይዛ እኔ ጋ ገባች። እዚህም አልተቀመጠችም። የበሬን ስንጥቅ አገኘች፣ የጎረቤቴን ሳል ቆጠረች፣ አከራዬን ስለ ቧንቧው ወጥራ ያዘችው። ስልክ ሲጮህ ብድግ ትላለች። ባዶውን ገመድ አሁንም አንገቷ ላይ ታደርገዋለች፤ ልጥልላት ስሞክር እጄን መታችኝ። የቀድሞዋ አከራይ መንገድ ላይ ሰላም ስትላት ሰላም ትላታለች። እኔ አልልም፤ ምን ቁርጥ አድርጎኝ።

ነርሷ ሊገቡ ሰሞን ጨርቅ ልትመርጥ መጣች። ቢጫውን ያዘች፣ መልሳ ተወችው፣ ሰማያዊውን ያዘች። ከዚያ ደንገጥ አለች፤ የመስኮቱን ልክ ሳትለካ ነው የመጣችው። አክስቴ እንደ ድሮው ልትናገር ከወንበሩ ተነስታ አፏን ከፈተች። መልሳ ዘጋችው። እኔን አየች።

"እሷ ታውቀዋለች" አለች፤ ወጥታም ሄደች።

መቀሱን አነሳሁ። ሜትር አላስፈለገኝም።